አዲስ አበባ የተቀረጸ የሰርግ ካሴት አሜሪካ ውስጥ ለመገልበጥ የትኛው ዴክ ይሻላል?

በ90ዎቹ (በኛም በፈረንጅም አቆጣጠር ያስኬዳል) ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የተላከ የሰርግ ወይ የክርስትና ካሴት ቁም ሳጥን ውስጥ ላላችሁና አሜሪካ ለምትኖሩ ነው የምጽፈው። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ዴክ (የቪኤችኤስ ቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ) ልግዛ ስትሉ ሰው ሁሉ የሚነግራችሁ ብራንድ ነው፣ ጄቪሲ ግዛ ፓናሶኒክ ግዛ። ከዛ በፊት ግን ካሴቱ ፓል ነው ወይስ ኤንቲኤስሲ (አገሮች የሚጠቀሙባቸው ሁለት የተለያዩ የቪዲዮ ሲስተሞች ናቸው) የሚለውን ካላወቃችሁ ምንም አይነት ዴክ ብትገዙ ዋጋ የለውም።

የኢትዮጵያ ሲስተም ፓል ነው፣ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። አሜሪካ ደግሞ ኤንቲኤስሲ፣ 525 መስመር፣ ወደ 30 የሚጠጋ ምስል። ስለዚህ ጉድዊል (ያገለገለ ዕቃ መሸጫ) በርካሽ ያገኛችሁት ዴክ ውስጥ የአዲስ አበባውን ካሴት ስትከቱት ምስሉ ይንከባለላል ወይ ጭራሽ አይመጣም፣ ድምፁም ፍጥነቱ ይዛባል፣ ከዛ ብዙ ሰው ካሴቱ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል፣ ምንም ያልሆነውን ካሴት! ካሴቱ ላይ ኢ-180 የሚል ካለ ባዶው የተሸጠው ፓል አገር ነው፣ ቲ-120 ካለ ደግሞ ምናልባት ዘመድ ከአሜሪካ ልኮት ይሆናል፣ ግን እሱም አዲስ አበባ ከተቀረጸበት ያው ፓል ነው፣ ጽሑፉ ፍንጭ ብቻ ነው።

አዲስ ዴክ ፈልጋችሁ አትድከሙ፣ የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ 2016 ላይ ማምረት አቁሟል፣ ያለው ሁሉ ያገለገለ ነው።

ሁሉንም ሲስተም የሚያጫውቱ ዴኮች አሉ፣ ሳምሰንግ ኤስቪ-5000ደብልዩ፣ አይዋ ኤችቪ-ኤምኤክስ100። ፓሉን እዛው ውስጣቸው ወደ ኤንቲኤስሲ ቀይረው ያወጡላችኋል። ቲቪ ላይ ሰክቶ ከቤተሰብ ጋር ቡና እየጠጡ ለማየት አሪፍ ናቸው። ቀይረው ያወጡትን መገልበጥ ግን አልወድም፣ 25ቱን ምስል ወደ 30 ለማድረስ የግድ የሆነ ነገር መደጋገም ወይ መቀላቀል አለባቸው፣ እስክስታው ጋ ስትደርሱ ትከሻው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ አንዴ እንደዛ ከተቀዳ ደግሞ መመለሻ የለውም። ኮምፒውተር እኮ ፓልም ሆነ ኤንቲኤስሲ ግድ የለውም፣ ፓሉን እንዳለ በ720 በ576 ተቀብሎ ያጫውተዋል፣ ታዲያ ለምን ይቀየራል?

ካሴትና ዲቪዲ አንድ ላይ ያለው ኮምቦም አለ፣ ኤችዲኤምአይ አለው ተብሎ ነው የሚሸጠው። አንዱን ሞክሬዋለሁ፣ ስሙን ልተወው። ማሽኑ ምስሉን በራሱ ያሳድገውና ያለሰልሰዋል፣ የሙሽራዋ ቀሚስ ላይ የነበረው ጥልፍ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ሆኖ ቀረ። ቪኤችኤስ በደህናው ቀን የሚይዘው 240 መስመር አካባቢ ዝርዝር ነው፣ ስለዚህ 4ኬ አድርገን እንገለብጥላችኋለን የሚሏችሁን እየሳቃችሁ እለፏቸው።

የኔ ምርጫ ከአውሮፓ የሚመጣ ፓል ኤስ-ቪኤችኤስ (የተሻሻለው ቪኤችኤስ) ዴክ ነው፣ የጄቪሲ ኤችአር-ኤስ9600 አይነቱ። ካሴታችሁ ኤስ-ቪኤችኤስ ባይሆንም ሁለት ነገር ታገኙበታላችሁ። አንዱ ኤስ-ቪዲዮ መውጫ ነው፣ ቪኤችኤስ ቀለሙንና ብርሃኑን ለየብቻ ነው ቴፑ ላይ የሚያስቀምጠው፣ ቢጫው ገመድ ደባልቆ ያወጣዋል፣ ኤስ-ቪዲዮ ግን እንደተለያየ ያወጣል። ሁለተኛውና ትልቁ ውስጡ ያለው ቲቢሲ (የምስሉን መስመሮች ጊዜ የሚያስተካክል ክፍል) ነው። ቴፕ ከእድሜ ብዛት ይለጠጣል፣ መስመሮቹ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ይመጣሉ፣ የድንኳኑ ምሰሶ እንደ እባብ ይጥመለመላል፣ ቲቢሲው እያንዳንዱን መስመር ቦታው ይመልሰዋል። ልዩነቱን ለማየት አጥፍታችሁ አብሩት፣ በጣም የተጎዳ ካሴት ላይ ግን እሱ ራሱ ምስሉን ሊያንቀጠቅጠው ይችላል፣ ለእንደዛ አይነቱ አጥፉት። የምስል ማስተካከያውን ደግሞ ኤዲት የሚለው ላይ አድርጉት፣ ዴኩ ምስሉን ብዙ አይነካካውም።

ችግሩ ዋጋው ነው፣ የተፈተሸና የሚሰራ ከሆነ ብዙ መቶ ዶላር ይጠየቅበታል፣ ከአውሮፓ ማስላኪያው ተጨምሮበት። የአውሮፓ ስለሆነ 220 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ ከ110 ወደ 220 የሚያወጣ ትራንስፎርመር ያስፈልጋችኋል፣ ዴክ ብዙ መብራት ስለማይበላ የ100 ዋት ትንሿ ትበቃለች። ሻጩን ሳታፍሩ ካሴት ሲያጫውት ቪዲዮ ቅረጽና ላክልኝ በሉት፣ "ይበራል" ማለት ይሰራል ማለት አይደለም።

ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት እኔ የምጠቀመው አይ-ኦ ዳታ ጂቪ-ዩኤስቢ2 የሚባል ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ መቅረጫ ነው፣ ኤስ-ቪዲዮ ይቀበላል፣ ፓልም ይቀበላል፣ ማክ ላላችሁ ግን አይሆንም፣ ለዊንዶውስ ነው። እየገለበጣችሁ ምስል እየዘለለ ድምፅና አፍ አልገጥም ካለ የዴኩ ቲቢሲ ብቻውን አይበቃም፣ የቆየ ፓናሶኒክ ዲኤምአር-ኢኤስ10 ዲቪዲ ሪከርደር መሀል አስገብታችሁ ምልክቱን በሱ አሳልፉት፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ዘዴ ነው፣ ይህም ፓሉ መሆን አለበት።

ካሴቱን ከመክተታችሁ በፊት በመስኮቱ የቴፑን ጠርዝ እዩት፣ ነጭ ዱቄት ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ሄዱን (ዴኩ ውስጥ ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) አበላሽቶ ወደ ሌሎቹ ካሴቶችም ይተላለፋል። ሄዱን በጥጥ አትንኩት፣ ክሩ ይዞ ይሰብረዋል።

ሌላው ደግሞ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ቅጂ ሊሆን ይችላል። የሰርግ ካሴት ለዘመድ አዝማድ ሲባዛ ሁለተኛ ሦስተኛ ቅጂ ነው የሚደርሰን፣ በየቅጂው ደግሞ ቀለሙ እየደፈረሰ ይሄዳል። ዴክ ላይ ሌላ 200 ዶላር ከመጨመር አዲስ አበባ ደውሎ ማስተሩ (መጀመሪያ የተቀረጸው ካሴት) ማን ጋ እንዳለ አክስትን መጠየቅ ይሻላል።

ትንሿ ቪኤችኤስ-ሲ ካሴት አዳፕተር አላት፣ እዚሁ ዴክ ላይ ትጫወታለች። የ8 ሚሊሜትር ካሴት ያላችሁ ግን አዳፕተር እሸጣለሁ የሚላችሁን አትመኑ፣ የለውም፣ ካሜራውን ራሱን ነው መፈለግ፣ እሱንም ፓሉን።