ዲስኩን አንድ በአንድ መቀየር ይሻላል ወይስ በአንዴ?

ደብረ ብርሃን ላይ የቤት ስቶሬጅ ሰርቨር (ፋይሎች የሚቀመጡበት ባለ ብዙ ዲስክ ኮምፒዩተር) ያለው ሰው ቦታ ሲሞላበት ሁለት መንገድ አለው።

አንደኛው ዲስኮቹን በየተራ መቀየር ነው። ሬይድ 5 (አንድ ዲስክ ቢበላሽ ዳታው እንዳይጠፋ የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ለመጠባበቂያ የሚይዝ ማጣመሪያ) ላይ ያሉ አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች 12 ቴራ ይሰጣሉ፤ ሁሉም በባለ 8 ሲተኩ 24 ይሆናል። ወጪው ይከፋፈላል። ቦታው የሚሰፋው ግን የመጨረሻው ዲስክ ከገባ በኋላ ነው። በእያንዳንዱ ቅያሪ ሰርቨሩ ዳታውን አዲሱ ዲስክ ላይ እንደገና ይሠራል፤ ይህ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዚያ መሃል ሌላ ዲስክ ከተበላሸ ዳታው አለቀለት። መብራቱስ እልም ቢል? ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ከሌላችሁ ባትነካኩት ይሻላል።

ሁለተኛው ሁለት ባለ 16 ቴራ ገዝቶ በሬይድ 1 (ሁለቱም ዲስኮች ላይ ያው ዳታ በሚጻፍበት ዘዴ) ማጣመርና ዳታውን መገልበጥ ነው። ገንዘቡ በአንዴ ይወጣል፤ የሚገኘውም 16 ቴራ ብቻ ነው። ግን ኮፒው ቢቋረጥ አሮጌዎቹ እንዳሉ ናቸው፤ በኋላም ባክአፕ ይሆናሉ። የሠርግ ቪዲዮና የልጆች ፎቶ ላለበት ቤት እኔ ይሄኛውን ነው የምመርጠው።

ስትገዙ ዲስኩ የሚሠራበትን ከባሕር ጠለል በላይ የከፍታ ገደብም እዩ። ብዙ ዲስኮች ላይ ጣሪያው 3,048 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ ስለሆነች አያሰጋም። የመንዟ ከተማ መሐል ሜዳ ግን ከ3,000 ስለምታልፍ ጣሪያው አካባቢ ናት፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀትን በደንብ አያወጣም። እዚያ ያላችሁ የሰርቨሩን ፋን ከአቧራ አጽዱ።