ትንሿ የላሜራ መዳመጫ ከስምንት ወር ሥራ በኋላ

ማሽኗ ባለ ሁለት ሮለር ናት። ሮለሮቿ 60 ሚሊ፣ ሞተሯ ከነጊርቦክሱ 1.5 ኪሎ ዋት። አዳማ ውስጥ ስምንት ወር የሠራችው አንድ ነገር ነው፦ 1100 የሚባለውን ለስላሳ አሉሚኒየም እንዲጠነክር ደራርቦ እየደጋገመ መዳመጥ።

ሁለት ባለ 1 ሚሊ ላሜራ የሚገናኙበት ገጽ በአሴቶን ይታጠባል፣ በማይዝግ ሽቦ ብሩሽ ይፈተጋል፣ ተደራርቦ ይታሰራል። 200 ዲግሪ ላይ አምስት ደቂቃ ሞቆ 2 ሚሊው በአንድ ጉርሻ፣ ማለትም በሮለሮቹ መሃል አንዴ አልፎ፣ ወደ 1 ሚሊ ይወርዳል። ከዚያ ለሁለት ተቆርጦ እንደገና። በሁለት ጉርሻ ላድርሰው ያለ ይከስራል፤ ንብርብሩ አይያያዝም። ስምንተኛው ዙር ላይ 256 ንብርብር ይሆናል። የኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ የአሉሚኒየሙን ቅንጣት (የተገነባበትን ጥቃቅን ክሪስታል) ከአንድ ማይክሮን፣ ከሚሊ አንድ ሺኛ፣ በታች አድቅቀው ጥንካሬውን ከ84 ወደ 304 ሜጋፓስካል አድርሰዋል።

ሮለሩ ዘይት ከነካው ላሜራውን አይጎርስም፣ ይንሸራተታል። የእንጀራ ምጣድ ለማሞቂያ ያገለግላል፤ ግን መሃሉና ዳሩ እኩል ስለማይሞቅ ላሜራውን ማገላበጥ ግድ ነው።

ትልቁ ጠላት አቧራ ነው። አዳማ ተርባይን የሚያዞር ነፋስ ያላት ከተማ ናት፤ በሩ ተከፍቶ የተፈተገ ላሜራ ሲወጣ ሩዝ የሚያህል እብጠት ያበቅላል። የጣት አሻራም ያው ነው። ፈትጎ ወዲያው መዳመጥ እንጂ ሻይ ጠጥቶ መመለስ የለም።

ስፋቱ ከ30 ሚሊ አይለፍ፤ ያኔም ሮለሮቹ ላይ የሚያርፈው ጭነት አምስት ቶን ገደማ ነው። ፍሬሙ ስለሚለጠጥ 1 ሚሊ ለማግኘት የሮለሮቹ ክፍተት 0.7 ሚሊ ላይ ይታሰራል። ከአራተኛው ዙር ወዲህ ጠርዙ ይሰነጠቃል፤ በስምንቱም ዙር ከግራና ከቀኝ 1 ሚሊ ሲከረከም መጨረሻ ላይ የሚተርፈው 14 ሚሊ ነው። ሻጮች ይህን አይናገሩም።

በስድስተኛው ወር የነሐስ ቡሹ (የሮለሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ቀለበት) በአንድ ወገን ተበልቶ ላሜራው እንደ ማጭድ እየተጣመመ ወጣ፤ ቶርኖ ቤት አዲስ ተሠራለት። ሮለሩ ላይ የሚጣበቀውን አሉሚኒየም በሞረድ መፋቅ ጥፋት ነው። ቀጠን ያለ ኮስቲክ ሶዳ ያሟሟዋል፣ የሮለሩን ብረት አይነካም፤ ጓንትና መነጽር ግን አይረሳ።

የወጣው ላሜራ ለሪቬት እንጂ ለብየዳ አይሆንም፤ ሙቀቱ ቅንጣቱን መልሶ ያሳድገዋል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል። ድስትና ትሪ ለሚሠራም አይበጅም፣ አጥብቀው ሲያጥፉት ይሰነጠቃል።

መብራት ጉርሻው መሃል ላይ ሲሄድ ደግሞ ላሜራው እንደተነከሰ ይቀራል፤ የእጅ ማዞሪያ ስለሌላት ማጥበቂያ ብሎኖቹን በቁልፍ ከማላላት ሌላ መፍትሔ የለም።