የጉቶ መፍጫ ማሽን ላላችሁ ወገኖች፦ አዲስ ጥርስ ከመግዛታችሁ በፊት እኚህን ባለሙያ አማክሩ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሜሪላንድ፣ በዋሽንግተን ዲሲና በሰሜን ቨርጂኒያ በዛፍ ቆረጣና በግቢ ሥራ ለምትተዳደሩ ወገኖቼ ነው። ዓላማዬ አንድ ባለሙያን በአደባባይ ማመስገንና እናንተም እንደ እኛ ገንዘባችሁን ለማይረባ ነገር ሳትጨርሱ ወደ እሳቸው እንድትሄዱ መጠቆም ነው። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ፤ አድራሻቸውን የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኘዋለሁ።

እኔና ታናሽ ወንድሜ የምንተዳደረው የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ በመፍጨት ነው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ሲሆን፣ ስልክ የምቀበለው፣ ዋጋ የምነጋገረው፣ ዕቃ የምገዛውና ሒሳቡን የምይዘው እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሥራ አላጣንም። ከእስያ የመጣው አረንጓዴ ጥንዚዛ እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ከታወቀ በኋላ በዓመቱ በ2003 ሜሪላንድም ተገኝቷል፤ ከዚያ ወዲህ አሽ የሚባለውን ዛፍ በየሰፈሩ እያደረቀ ስለሆነ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በዊተን የደረቀ ዛፍ የሚያስቆርጥ ባለቤት አይጠፋም። ቆራጩ ግንዱን ጭኖ ይሄዳል፤ ጉቶው ግን ግቢው መካከል ይቀራል። አገር ቤት የባሕር ዛፍ ጉቶ መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ እንደ ሀብት ይጠበቃል፤ እዚህ ግን ባለቤቱ በቦታው ሣር መዝራት ስለሚፈልግ እኛን ይጠራል።

ለማያውቀው አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ የጉቶ መፍጫ ማሽን ማለት ዙሪያውን ጥርስ የታሰረበትን ከባድ የብረት ጎማ በሞተር ኃይል እያሽከረከረ፣ ጉቶውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየጠረገ ከአፈሩ ደረጃ በታች እስኪወርድ ድረስ ፈቅፍቆ የሚጨርስ ማሽን ነው። የጥርሱ አካል ብረት ሲሆን ጫፉ ላይ ተንግስተን ካርባይድ የሚባል እጅግ ጠንካራ ነገር ተበይዶበታል። እንጨቱን የምትቆርጠው ይህች ትንሽ ጫፍ ናት። እሷ ከዶለዶመች የሞተሩ ጉልበት ምንም ያህል ቢበዛ ነዳጅ ከማቃጠል በቀር ፋይዳ የለውም።

ማሽናችንን የገዛነው ያገለገለ ነው። ባለፈው ዓመት በድንገት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀድሞ ወፍራም ፍቅፋቂ ይተፋ የነበረው ማሽን የላመ ሰጋቱራ ብቻ ማውጣት ጀመረ፤ ቺንጋው ይሸታል፤ ጠንከር ያለ የኦክ ጉቶ ላይ ሲደርስም ከጉቶው ጭስ ይነሳል። በግማሽ ቀን ያልቅ የነበረው ሥራ እየመሸበት ወንድሜ ክንዱ ዝሎ ወደ ቤት ይመለስ ነበር። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ማሽኑ ከተሳቢው ላይ ሳይወርድ፣ ጎማውም ሳይታይ፣ «ሙሉ ጥርስ መቀየር አለበት» ተባልን። ከፈልን፤ ተቀየረልን፤ መንቀጥቀጡ ግን ጭራሽ ባሰበት። ተመልሰን ስንጠይቅ ደግሞ ሞተሩ ማርጀቱን ነገሩን። ሌላ ቦታ በርካሽ እንደሚስሉልን ነግረውን ሰጠናቸው፤ ስለው የመለሱልን ጥርሶች ጫፋቸው ተሰነጣጥቆ ስለነበር ገና ሥራ ሳይጀምሩ ይረግፉ ጀመር፤ ለምን ብለን ስንጠይቅ ጥፋቱ በወንድሜ አያያዝ ላይ ተላከከ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። አንዱ ሱቅ ውስጥ ጥያቄውን የምጠይቀው እኔ ሴቷ፣ ገንዘቡን የምከፍለው እኔ ሆኜ ሳለ፣ ሻጩ መልሱን ሁሉ ከኋላዬ ለቆመው ለወንድሜ ይሰጥ ነበር። የእነዚህን ቦታዎች ስም አልጠራም፤ የሰው እንጀራ መዝጋት አልፈልግም፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ወጪ ከሁለት ሰው ደመወዝ ላይ የተቀነሰ መሆኑን እንዲያውቁት እወዳለሁ።

ባለሙያችንን የጠቆሙን የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ናቸው። በላውረል አቅራቢያ ባለች ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ የሚሠሩ፣ በዕድሜ የገፉ፣ አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ የብረታ ብረት ሥራ የተማሩ አባት ናቸው። የሄድነው ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን በሩን ሊዘጉ ሲሉ ነበር የደረስነው። ደክሟቸው እንደነበር ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር፤ ሆኖም ማሽኑን ከተሳቢው ላይ ሲያዩ ቁልፋቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱና «እስቲ አውርደው ልጄ» አሉት።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በዝርዝር ብጽፍ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ሥራ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚመስል ያየሁት በዚያ ዕለት ነው። በመጀመሪያ የማሽኑን ቁልፍ አወጡና ኪሳቸው ውስጥ አስገቡት፤ የባትሪውንም ገመድ ፈቱ። ያን ሳያደርጉ እጃቸውን ወደ ጎማው አላስጠጉም፤ ወንድሜ ሊረዳቸው እጁን ሲዘረጋም ገመዱ እስኪፈታ ድረስ መለሱት። ቀጥለው ጎማውን በእጃቸው ቀስ አድርገው እያዞሩ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በትንሽ ባትሪ መብራት ተመለከቱ። ከዚያም ፈቷቸውና ወለሉ ላይ በተዘረጋ ካርቶን ላይ በነበሩበት ቅደም ተከተል ደረደሯቸው፤ በእያንዳንዱም ሥር ከየትኛው መያዣ እንደወጣ በጠመኔ ጻፉ። አንዱን ጥርስ አንስተው ለእኔ ሰጡኝና ጫፉን ወደ መብራቱ እንዳዞረው ነገሩኝ። የዶለዶመው ጠርዝ በቀጭኑ ያብረቀርቃል፤ የተሳለው ግን ብርሃኑን አይመልስም። ያን ጊዜ ለወንድሜ ሳይሆን ለእኔ ማስረዳታቸውን ልብ ብዬዋለሁ።

ከቆይታ በኋላ የችግሩ ምንጭ ተገኘ። ጥርሶቹን የቀየረልን ሰው የግራውን ጥርስ በቀኝ፣ የቀኙንም በግራ ያሰረባቸው መያዣዎች ነበሩ። ደግሞም አዲሱን ጥርስ ሲያስር በመያዣው ውስጥ የደረቀውን የእንጨት ብናኝና ጭቃ ስላላጸዳ ጥርሱ በቦታው አልተቀመጠም፤ ቡሎኑ ጠብቆ ቢታይም ከጀርባው ክፍተት ስላለ ከሥራ ጋር ይላላል። ከመያዣዎቹም አንዱ ድንጋይ መትቶት ተጣሟል። ባለሙያው ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ በማንም ላይ ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ «ያሰረው ሰው ቸኩሏል» ብቻ አሉ። እኔ ግን የምለው ብዙ ነበረኝ፤ ለእሳቸው ስል ዋጥኩት።

እኛ ሙሉ ጥርስ ለመግዛት ገንዘብ ይዘን ነበር የሄድነው። እሳቸው ግን አልሸጡልንም! ካርቶኑ ላይ የተደረደሩትን ለሦስት ከፋፈሏቸው፦ ገና የሚሠሩ፣ ቢሳሉ የሚሠሩ፣ ጫፋቸው የተሰበረና የሚጣሉ። የሚጣሉት ጥቂት ነበሩ። «ሌላውን ለምን ትገዣለሽ? ይህ እኮ ገና ይሠራልሻል» አሉኝ። ወገኖቼ፣ በዚህ አገር ልትገዙ የመጣችሁትን ዕቃ አትግዙ የሚል ነጋዴ ስንቴ ገጥሟችኋል? በዚያ ላይ የተጣመመውን መያዣ ቀይረው፣ ጥርሶቹን ስለው፣ እያንዳንዱን በየቦታው አስረው የጠየቁን ዋጋ ቀደም ሲል ላልሠራ ሥራ ከከፈልነው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። ልጨምርላቸው ብል አልተቀበሉኝም።

ወንድሜን አጠገባቸው አቁመው ያስተማሩትን ሁሉ መጻፍ አልችልም፤ በተለይ ስለ መሳያው ማዕዘን የተነጋገሩት ለእኔ አልገባኝም፤ እሱ ግን ገብቶታል፤ ይበቃል። እኔ የያዝኩትን ያህል ለሚጠቅመው ላካፍል። ጥርስ ሲመረጥ ቀድሞ የሚታየው ዋጋው ሳይሆን ጎማው ላይ ያለው መያዣ ነው፤ የማሽኑ ሥሪት ቬርሚርም ሆነ ሬይኮ ወይም ካርልተን፣ የአንዱ ማሽን ጥርስ በሌላው መያዣ ውስጥ ይገባል ብሎ መገመት አይገባም። ግራ፣ ቀኝና ቀጥ ያለ ተብለው የሚለዩ ጥርሶች አሉ፤ ክብ ሆነው አንዱ ጎናቸው ሲዶለዱም ፈታ ተደርገው ወደ አዲሱ ጎን የሚዞሩም አሉ። ቀጥሎ የሚታየው አፈሩ ነው። የእኛ አካባቢ አፈር፣ በተለይ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ነጭ የኳርትዝ ድንጋይ ይበዛበታል። ካርባይድ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ስለሆነ ስል የሆነውና ቀጭኑ ጫፍ ንጹሕ እንጨት ላይ በፍጥነት ይሠራል፤ ድንጋያማ ቦታ ላይ ግን ወፈር ያለው ጫፍ ይሻላል፤ ቢዘገይም አይሰበርም። ስለዚህ ወንድሜ አሁን ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት የጉቶውን ዙሪያ በአካፋና በመሬት መቧጠጫ ጠርጎ ድንጋዩን ያወጣል።

ስለ መሳልም የተናገሩት የቀድሞውን ምሥጢር ገለጠልን። ተራው ግራጫ የመሳያ ድንጋይ ለብረት እንጂ ለካርባይድ አይሆንም፤ የሚያስፈልገው አረንጓዴው የሲሊኮን ካርባይድ ድንጋይ ወይም የአልማዝ ዲስክ ነው። ሲሳልም በቀስታ እየነኩ እንጂ እየተጫኑ አይደለም፤ የጋለውን ጫፍ ውኃ ውስጥ መንከር ደግሞ ይሰነጥቀዋል። የእኛ ጥርሶች ለምን እንደረገፉ የገባን በዚህ ጊዜ ነው። ከዚህ ሌላ፣ ከካርባይዱ የሚወጣው ብናኝ ኮባልት ስላለበት ለሳንባ ጎጂ ነው ብለው፣ ራሳቸው ሳይስሉ በፊት አፍንጫና አፋቸውን በጥሩ ማስክ ሸፈኑ፤ እኛንም ወደ ውጭ አስወጡን። ጥርስ የሚቀየረውም ለብቻው አይደለም፤ በጎማው ላይ ትይዩ ካለው ጋር ጥንድ ሆኖ ነው፤ አለበለዚያ የጎማው ክብደት ይዛነፍና መንቀጥቀጡ ኩሽኔታውን ይጎዳል። ቡሎኑ የሚጠብቀው በጉልበት ሳይሆን የማሽኑ መመሪያ ባዘዘው ልክ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ ቁልፍ ሲሆን፣ ጥቂት ከተሠራ በኋላም ማሽኑ ጠፍቶ እንደገና መታየት አለበት። ከመሬት በታች ያለ ሽቦና ቱቦ ጥርስንም ሰውንም ስለሚጎዳ፣ ከሥራው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ወደ 811 ስልክ ደውሎ መስመሮቹ ያሉበትን ቦታ ማስመልከት ነጻ እንደሆነና መዘለል እንደሌለበትም አጥብቀው ነገሩት።

አባታችን ደሴ ውስጥ አናጺ ነበር፤ ማታ ማታ መጋዙን በጉልበቱ መካከል ይዞ በሞረድ ሲስል፣ ጥርሱን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ «ይህ ደህና ነው፣ ይህ ደህና ነው» ይል እንደነበር አስታውሳለሁ። ባለሙያው ያንኑ ሲያደርጉ ወንድሜና እኔ ተያየን፤ አባታችን ሲሞት እሱ ሕፃን ስለነበር ይህን የሚያውቀው ከእኔ ወሬ ብቻ ነው። ይህን እዚህ መጻፌ ተገቢ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ግን ምስጋናዬ ከገንዘብ በላይ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በቀጣዩ ሳምንት ታኮማ ፓርክ ውስጥ አንድ ትልቅ የኦክ ጉቶ ሠራን። ማሽኑ አልተንቀጠቀጠም፤ ሰጋቱራው ቀርቶ ወፍራሙ ፍቅፋቂ ተመለሰ፤ ወንድሜም ሳይመሽበት ሥራውን ጨርሶ ጉድጓዱን ደፍኖ መጣ። ከዚያ ወዲህ ጥርሶቹን በየሥራው መጨረሻ ራሱ እየተመለከተ፣ የዶለዶሙትን ብቻ ለይቶ ይወስድላቸዋል።

ማመስገኔ እውነት እንዲሆን የሚያስቸግረውንም ልናገር። ባለሙያው ቀን ላይ ስልክ አያነሱም፤ ለችኩል ሰው አይመቹም፤ በእሑድና በበዓል ቀን ማንም ቢለምናቸው አይሠሩም፤ የሚቀበሉትም ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው። ሥራ ሲበዛባቸው ጥርሳችሁ ወረፋ ጠብቆ ሊያድር ይችላል። ሆኖም ጠብቁ። ርካሽ ፈልጋችሁ ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ሁለት ጊዜ ከምትከፍሉ እሳቸውን ጠብቃችሁ አንድ ጊዜ ክፈሉ ብዬ ደግሜ እለምናችኋለሁ። ሙሉ ጥርስ ይቀየር የተባላችሁ ካላችሁማ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ለእሳቸው አሳዩ።

የምትሄዱ ሰዎች የማሽኑን ሞዴልና ቁጥር የያዘውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ፤ ከተቻለም ማሽኑን ራሱን ውሰዱላቸው፤ መያዣውን ሳያዩ በጥርሱ ብቻ አይፈርዱምና። ጥርሱን ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ግን ከየትኛው መያዣ እንደወጣ ጽፋችሁበት፣ ጭቃውንም በብረት ብሩሽ አጽድታችሁ ይሁን፤ ሳይጸዳ የመጣ ጥርስ ሲያዩ ይቆጣሉ።