ቅዝቃዜን የማይፈጥረው ማሽን፦ የቤት አይስክሬም መሥሪያ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

ይህን ግምገማ የምጽፈው አንድ ሊትር ተኩል የሚይዝ የኤሌክትሪክ አይስክሬም መሥሪያ ገዝቼ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው ቤቴ ለስምንት ወር ከተገለገልኩበት በኋላ ነው። ማሽኑ ብዙ አምራቾች በተመሳሳይ አሠራር ለገበያ ከሚያቀርቧቸው አንዱ ስለሆነ፣ የአንዱን ስም ከመጥራት ይልቅ ስለ ዓይነቱ መናገር ለገዢ የበለጠ ይጠቅማል።

ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ማሽኑ ራሱ ምንም ቅዝቃዜ እንደማይፈጥር ነው። በውስጡ ያለው ትንሽ ሞተር ጎድጓዳ ሳህኑን ያዞራል፤ የፕላስቲክ ማማሰያው ደግሞ ባለበት ቆሞ በሳህኑ ግድግዳ ላይ የሚረጋውን እየፋቀ ወደ መሀል ይመልሳል። ቅዝቃዜው የሚገኘው በሳህኑ ድርብ ግድግዳ መካከል ከታሸገው ፈሳሽ ሲሆን፣ ፈሳሹ አስቀድሞ በፍሪዘር ውስጥ ጠጥሮ መቆየት አለበት። መሠረታዊው ሐሳብ የቆየ ነው፤ ናንሲ ጆንሰን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1843 የፈጠራ መብት ያገኘችበት በእጅ የሚዞር መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነበር። በእርሷ ዘመን ቅዝቃዜውን የሚሰጠው ከጨው ጋር የተደባለቀ በረዶ፣ ጉልበቱን የሚሰጠው ደግሞ የሰው ክንድ ነበር። የዛሬው ሞተር የተካው ክንዱን ብቻ ነው።

ስለዚህ የማሽኑ ጥራት የሚለካው በአብዛኛው ቤትዎ ባለው ፍሪዘር ነው። ሳህኑ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ቢያንስ 24 ሰዓት ማደር አለበት፤ በትናንሽ ፍሪጆች አናት ላይ ያለችው የበረዶ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ እዚህ አትደርስም። መርጋቱን ለማረጋገጥ ሳህኑን አንስቶ በጆሮ አጠገብ መነቅነቅ ይበቃል፤ ውስጡ የሚንቦጫቦጭ ነገር ከተሰማ ገና ነው። ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። አንድ ቅዳሜ ለእንግዶች ሳዘጋጅ ሌሊቱን መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ነበር፤ ጠዋት ሲመጣ ሳህኑን ከውጭ ስነካው ስለቀዘቀዘኝ ብቻ ድብልቁን ጨመርኩበት። ማሽኑ ለ40 ደቂቃ ቢዞርም ያገኘሁት እንደ አጥሚት የወፈረ ቀዝቃዛ ወተት ነበር። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን ከዋጋው በፊት ሊያስብበት ይገባል።

ሁኔታው ሲሟላ ግን ማሽኑ የሚያወጣው አይስክሬም ከጠበቅሁት በላይ ነው። ድብልቁን እንዲሁ በሳህን አድርጎ ፍሪዘር ውስጥ ቢተዉት ውኃው በዝግታ ስለሚረጋ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣቶች ይሠራል፤ ምላስ ላይም ይሻክራል። እዚህ ግን ድብልቁ ያለማቋረጥ እየተማሰለ በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ ሳያድጉ ይቀራሉ፤ ጥቂት አየርም ስለሚገባው አይስክሬሙ ለስላሳ ይሆናል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ማማሰያው ላይ የሚቆም ልስልስ አይስክሬም ይደርሳል። ወዲያው መብላት ይቻላል፤ በማንኪያ ተዝቆ ቅርጹን እንዲይዝ ለሚፈልግ ግን ክዳን ባለው ዕቃ አድርጎ ቢያንስ አራት ሰዓት በፍሪዘር ማቆየት ያስፈልጋል።

ደጋግሜ ከሠራኋቸው ሁሉ የምመርጠው የቡናውን ነው። ግማሽ ሊትር ወተት አፍልቼ ካወረድኩ በኋላ 50 ግራም ያህል የተቆላና ሸርከት ተደርጎ የተወቀጠ ቡና ከጥቂት ኮረሪማ ጋር እጨምርበትና ለግማሽ ሰዓት ከድኜ እተወዋለሁ፤ ከዚያም በንጹሕ ሻሽ አጠለዋለሁ። አምስት የእንቁላል አስኳል ከ150 ግራም ስኳር ጋር መትቼ ወተቱን ቀስ በቀስ ካዋሃድኩ በኋላ፣ ማንኪያ ጀርባ ላይ እስኪሸፍን ድረስ ለስ ባለ እሳት አማስለዋለሁ፤ ይህም 82 ዲግሪ ገደማ ነው። ድብልቁ እንዲፈላ መተው አይገባም፤ አስኳሉ ይቋጠራል። በመጨረሻ ሩብ ሊትር ክሬም ጨምሬ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ይህን ማሳደር የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም ለብ ያለ ድብልቅ የሳህኑን ቅዝቃዜ ገና ከመጀመሪያው ይጨርሰዋል። መጠኑም ከሳህኑ ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር መብለጥ የለበትም፤ እየረጋ ሲሄድ ስለሚነሳ ይገነፍላል። ክሬም ባጣሁ ጊዜ በወተት ብቻ ሞክሬው ነበር፤ ጣዕሙ ደህና ሆኖ ሳለ በማግስቱ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ስኳር ለመቀነስ ሲባልም ይኸው ይደርሳል፤ ስኳር ውኃው የሚረጋበትን ሙቀት ዝቅ ስለሚያደርግ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ማለስለሻም ነው።

አዲስ አበባ ሞቅ የሚልባቸው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያሉት ወራት በአብዛኛው ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጣጠሙ፣ ይህ ማሽን ያለ ወተት ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ለብዙ ቤት ዋና ጥያቄ ነው። መልሱ አስደስቶኛል። በደንብ የበሰለ ማንጎ ጭማቂ ሳይሆን ሥጋው ተፈጭቶ በወንፊት ከተጠለለ በኋላ፣ በስኳር ሽሮፕና በሎሚ ሲዘጋጅ ከወተቱ የማይተናነስ ልስላሴ ይሰጣል። አቮካዶም በተፈጥሮው ቅባት ስላለው እንዲሁ ያምራል፤ ፓፓያ ግን ውኃው በዝቶ አልሆነልኝም።

ስለ ድምፁ፣ ሲሠራ ከጁስ መፍጫ ያነሰ ቢሆንም ለግማሽ ሰዓት ያህል የማያቋርጥ ነው። ማጠቡ ቀላል ነው፤ ሳህኑን ግን በፈላ ውኃ ማጠብም ሆነ በብረት ማንኪያ መፋቅ አይገባም፤ የኔው ውስጡ ላይ አንድ ጭረት ያተረፈው በእንዲህ ያለ ጥድፊያ ነው።

ከአሜሪካ በዘመድ ለማስመጣት የሚያስቡ ሰዎች በ120 ቮልት የሚሠራውን እንዳያመጡ እመክራለሁ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ የእኛን 50 ኸርዝ (የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ) ወደ እዚያው 60 ኸርዝ አይቀይርም፤ በመሆኑም አንዳንዱ ሞተር ከታሰበለት ፍጥነት በታች ይዞራል። 220 ቮልት የተጻፈበትን መፈለግ ይሻላል።

የራሱ ኮምፕሬሰር ያለው ሌላ ዓይነት ማሽንም አለ። እርሱ ራሱ ስለሚያቀዘቅዝ ሳህን ማሳደር አይጠይቅም፤ አንዱን ጨርሶ ወዲያው ሌላውን ይቀጥላል። ነገር ግን ዋጋው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ክብደቱም ከጠረጴዛ ላይ የሚነሳ አይደለም። ለመሸጥ ለሚሠራ ሰው ተገቢ ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ለቤተሰብ ለሚሠራ ግን አልመክረውም። ለእንዲህ ያለው ቤት የተሻለው፣ ፍሪዘሩ ቦታ ካለው፣ ለዚሁ ማሽን ሁለተኛ ሳህን መግዛት ነው፤ እኔም ባለፈው ወር ያደረግሁት ይህንኑ ሲሆን፣ አሁን በጾም ቀን ለሚመጣ እንግዳ ማንጎ፣ ለልጆቹ ደግሞ የወተት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል።