የተላከን ኢሜይል መመለስ፦ የጂሜይልና የአውትሉክ አማራጮች በባሕር ዳር የጉዞ ቢሮ ዓይን

በስሕተት የተላከን ኢሜይል እንመልሳለን የሚሉ አገልግሎቶች በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ የሚሠሩት ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ሥራዎችን ነው። አንደኛው ደብዳቤው ከላኪው ወገን ሳይወጣ ለጥቂት ጊዜ ይዞ ያቆየዋል፤ ሁለተኛው ደብዳቤው ተቀባዩ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ተከትሎ ሄዶ ሊያወጣው ይሞክራል። በጣና ዳር ለእንግዶች የጀልባና የገዳማት ጉዞ በሚያዘጋጅ አነስተኛ ቢሮ ውስጥ ሁለቱም ተሞክረዋል። የመጀመሪያው ዋጋ ሳይከፈልበት ብዙ ጥፋት የሚያስቀር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሁለተኛው ግን እንደ እኛ ላለ ቢሮ የሚረባ አይደለም።

ምክንያቱ የሚጀምረው ከኢሜይል አሠራር ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. ጆናታን ፖስቴል ባዘጋጀው፣ ከዚያም ወዲህ ቢሻሻልም መሠረቱ ባልተለወጠው የመላላኪያ ደንብ መሠረት፣ የላኪው ሰርቨር፣ ማለትም ደብዳቤ የሚቀበለውና የሚያስተላልፈው ኮምፒውተር፣ ደብዳቤውን ለተቀባዩ ሰርቨር ያስረክባል፤ ያኛው መቀበሉን ካረጋገጠ በኋላ የደብዳቤው ኃላፊነት የእሱ ይሆናል። የተረከበውን እንዲመልስ የሚያዝዝ ቃል በደንቡ ውስጥ የለም። ስለዚህ ደብዳቤው ወደ ሌላ ድርጅት ሰርቨር ከተሻገረ የትኛውም ፕሮግራም በራሱ ሥልጣን ሊያስመልሰው አይችልም።

ጂሜይል ይህን ተረድቶ የመረጠው መንገድ ማዘግየትን ነው። «ላክ» የሚለው ሲጫን ደብዳቤው የሄደ ይመስላል እንጂ ለጥቂት ሴኮንዶች ተይዞ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከገጹ ግርጌ የሚታየውን «ቀልብስ» የተጫነ ሰው ጽሑፉን እንደነበረ መልሶ ያገኘዋል፣ ተቀባዩም ምንም አያውቅም። አገልግሎቱ በ2009 እ.ኤ.አ. በሙከራ ደረጃ ቀርቦ በ2015 መደበኛ ሆኗል። ማንም ሳይነካው የሚሰጠው ጊዜ 5 ሴኮንድ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ ሳያስተውል ያልፈዋል። በኮምፒውተር በሚከፈተው የጂሜይል ገጽ ላይ ወደ ቅንብሮች ገብቶ ወደ 10፣ 20 ወይም 30 ሴኮንድ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ከ30 በታች የሚመርጥበትን ምክንያት ለማንም ማቅረብ አልችልም። በአይፎን ላይ ያለው የአፕል የኢሜይል ፕሮግራምም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል፤ መነሻው 10 ሴኮንድ ሲሆን እስከ 30 ይደርሳል።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። «ቀልብስ» የሚለው ትእዛዝ ራሱ በኔትዎርክ አማካይነት ወደ ጎግል ሰርቨር መድረስ ይኖርበታል፤ ግንኙነቱ በደከመ ጊዜ መቀልበሱ ላይሠራ እንደሚችል ጎግልም ያስጠነቅቃል። የባሕር ዳርን ኔትዎርክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ተራ ማሳሰቢያ አይደለም። ደብዳቤው ዋይፋይ ባለበት ሰዓት ሄዶ፣ ቀልብስ የሚለው በተጫነ ቅጽበት መስመሩ ቢቋረጥ ሴኮንዶቹ ማንንም ሳይጠብቁ ያልቃሉ።

30 ሴኮንድ የሚያድነው ምን ዓይነት ስሕተት ነው? በዋነኛነት የአድራሻ ስሕተትን ነው። ሁለት ሦስት ፊደል ሲጻፍ አድራሻውን ራሱ የሚያሟላው አሠራር በአባት ወይም በቤተሰብ ስም ለሚለዩ አገሮች የሚመች ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን የምንጠራራው በራሳችን ስም ነው፣ አድራሻችንም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በዚያው ነው። በአንድ የጉዞ ቢሮ መዝገብ ውስጥ ጀልባ ነጂው፣ አስጎብኚው፣ የሆቴሉ ሒሳብ ሠራተኛና ደንበኛው ሁሉም «ዮሐንስ» ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ነው። በመሆኑም ለሆቴል የተዘጋጀ ፕሮፎርማ ለደንበኛ ይሄዳል፤ ደንበኛውም የቢሮው ትርፍ ያልተጨመረበትን ዋጋ ያያል። እንዲህ ያለው ስሕተት ደግሞ «ላክ» በተጫነ በዚያው ቅጽበት ዓይን ውስጥ የሚገባ ነው፤ የረሳነው አባሪ ፋይልም እንዲሁ ወዲያው ትዝ ይላል።

የይዘት ስሕተት ግን በ30 ሴኮንድ አይያዝም። ለምሳሌ ጥምቀት ሁልጊዜ ጥር 11 ቀን ቢከበርም በፈረንጆቹ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ሲሆን፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፣ በ2020 ዓ.ም.ም ይደገማል። ካለፈው ዓመት ደብዳቤ ቀኑን ገልብጦ የላከ ሠራተኛ ስሕተቱን የሚያውቀው ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ነው፤ ያንጊዜ እንግዳው የአውሮፕላን ቲኬት መፈለግ ጀምሯል። ሴቶች ለሚገኙበት ቡድን ክብራን ገብርኤልን በጉብኝት ዝርዝር ውስጥ ማስገባትም እንዲሁ ነው፤ ገዳሙ ሴቶችን እንደማያስገባ የማያውቅ ሰው በቢሮው ባይኖርም፣ የተዘጋጀ ዝርዝር በሚገለበጥበት ጊዜ የሚታወቀውም ነገር ይረሳል።

ለዚህ የሚሻለው ጂሜይል ሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ላይ፣ በተመሠረተ በ15 ዓመቱ ያወጣው ቀጠሮ ይዞ የመላክ አገልግሎት ነው። «ላክ» ከሚለው አጠገብ ያለውን ቀስት ተጭኖ ቀንና ሰዓት መምረጥ ይበቃል፤ ደብዳቤው ለብቻው በተለየ ክፍል ይቀመጣል፣ ሰዓቱ እስኪደርስ ድረስም ከዚያ አውጥቶ ማረም ወይም መሰረዝ ይቻላል። ደብዳቤው የሚጠብቀው በጎግል ሰርቨር ላይ በመሆኑ መብራት ቢጠፋ ወይም ላፕቶፑ ቢዘጋ እንኳ በሰዓቱ ይሄዳል፤ ለከተማችን ከሁሉም በላይ ያስመሰገነው ይኸው ነው። መጠንቀቅ የሚገባው በሰዓቱ ላይ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንዲሄድ የፈለገ ሰው 8 ብሎ መሙላት አለበት፤ 2 ብሎ ከሞላ ደብዳቤው ገና ሌሊት ሳለ፣ ማንም ዳግመኛ ሳያየው ይሄዳል። ለዋጋ ማቅረቢያና ለጉዞ ዝርዝር ደብዳቤዎች ሁሉ ማታ ተጽፎ በማግሥቱ ረፋድ እንዲሄድ ማድረግን ከማንኛውም አማራጭ አስቀድሜ እመርጣለሁ።

የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም የሆነው አውትሉክ ያለው «መልሶ መጥራት» ብዙ የሚወራለት ቢሆንም የሚሠራው በአንድ ድርጅት ውስጥ፣ ላኪና ተቀባይ በአንድ የማይክሮሶፍት ሥርዓት ሲተዳደሩ ብቻ ነው። በቀድሞው አሠራር ተቀባዩ ደብዳቤውን ከከፈተው ነገሩ ያበቃ ነበር፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በደመና ላይ፣ ማለትም በማይክሮሶፍት ሰርቨሮች ላይ፣ ያለው አዲሱ አሠራር የተነበበውንም ጭምር ማውጣት እንዲችል ተደርጓል፣ ለላኪውም ውጤቱን የሚያሳይ ሪፖርት ይሰጠዋል። ብዙ ሠራተኞች ያሉትና ሁሉንም በአንድ ሥርዓት የሚያስተዳድር ዩኒቨርሲቲ ወይም ባንክ ከዚህ ሊጠቀም ይችላል። ደንበኞቹ ግን በጂሜይልና በያሁ ለሚጽፉለት፣ ቢሮዎች ሳይቀሩ የግል አድራሻ በሚጠቀሙበት አካባቢ ለሚሠራ ድርጅት ትርጉም የለውም። እንዲያውም ጉዳት አለው፤ የማውቀው አንድ ድርጅት «ይህን ደብዳቤ መልሰን ልንጠራው እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ለውጭ ደንበኛው በመላኩ፣ ሳይነበብ ሊያልፍ ይችል የነበረው ደብዳቤ ተፈልጎ እንዲነበብ አድርጓል።

የፓስፖርት ቅጂን ለሚመለከት ሥራ በጂሜይል ውስጥ ያለው ምስጢራዊ አላላክ ትንሽ ይረዳል። ተቀባዩ ደብዳቤውን ማስተላለፍም ሆነ ማተም አይችልም፣ ላኪውም ከላከ በኋላ እንኳ ፈቃዱን ሊያነሣ ይችላል፤ የስክሪኑን ፎቶ ማንሣትን ግን የሚከለክል ነገር የለም።

የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ለለመዱ ቢሮዎች ከመልሶ መጥራት ይልቅ የምመክረው በቀድሞው የኮምፒውተር አውትሉክ ላይ ያለውን የማዘግያ ደንብ ነው። አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ የሚላኩትን ደብዳቤዎች ሁሉ በተመረጠው ደቂቃ መጠን፣ ቢበዛ እስከ 120 ደቂቃ፣ በወጪ ሳጥን ውስጥ ይዞ ያቆያል። አሥር ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። በድር ላይ ባለው አውትሉክ የሚገኘው መቀልበሻ ግን ቢበዛ 10 ሴኮንድ ብቻ በመሆኑ ይህን አይተካም። የማዘግያ ደንቡ ድክመት ፕሮግራሙ ተከፍቶ መቆየት ያለበት መሆኑ ነው፤ መብራት ከጠፋ ደብዳቤው እዚያው ሳጥን ውስጥ ያድራል፣ ሠራተኛው ግን ልኬዋለሁ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሌላው ችግር ከሥራ ልማዳችን የሚመጣ ነው። ደንበኛው ስልክ ይዞ «ጋሼ፣ ላኩልኝ እንዴ? ገና አልደረሰኝም» እያለ በሚጠብቅበት ሰዓት አሥር ደቂቃ ረጅም ነው። ለዚህም ደንቡ ሲዘጋጅ «አስቸኳይ» የሚል ምልክት የተደረገባቸው ደብዳቤዎች ሳይዘገዩ እንዲሄዱ ማዘዝ ይቻላል፤ ምልክቱን ማድረግ የሚፈቀድለት ሠራተኛ ማን እንደሆነ ቀድሞ መወሰን ግን የቢሮው ኃላፊ ሥራ ነው።