ሶተርን፣ ሞንባዚያክ፣ ዡራንሶን ወይስ ሙስካ? የፈረንሳይ ጣፋጭ ነጭ ወይኖች ከነምግባቸው

ጣፋጭ ነጭ ወይን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ያህል ይጣፍጣል?» ብሎ ነው። ከምግብ ጋር ለሚጠጣ ወይን ግን ከስኳሩ ይልቅ ጎምዛዛነቱ ይወስናል። በሊትር 120 ግራም ስኳር ያለው ወይን በቂ አሲድ ካለው ምራቅ ያስመጣል፤ አሲዱ ካነሰ ከሁለተኛው ጉንጭ በኋላ ይሰለቻል።

ሶተርን የሚመረተው ከቦርዶ ከተማ በስተደቡብ፣ ሲሮን የተባለው ትንሽ ወንዝ ከጋሮን ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ነው። በመከር ወራት የሲሮን ውሃ ከጋሮን ስለሚቀዘቅዝ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ይነሳል፤ በዚያ እርጥበት ቦትሪቲስ የተባለው ሻጋታ ሴሚዮን በሚባለው ወይን ቀጭን ልጣጭ ላይ ይበቅላል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበረታ የፍሬው ውሃ በተበሳው ልጣጭ ይተናል፣ የቀረው ጭማቂ ይወፍራል። ሻጋታው ሁሉንም ፍሬ በአንድ ጊዜ ስለማይዘው ለቃሚዎች የደረሰውን ብቻ እየመረጡ ወደ አንዱ ማሳ ደጋግመው ይመለሳሉ። ከአንድ ሄክታር የሚፈቀደው መሠረታዊ ምርትም 25 ሄክቶሊትር (2,500 ሊትር) ብቻ ነው፤ ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭ ያልሆነ፣ የቦርዶ ነጭ ወይን ከሁለት እጥፍ በላይ ይፈቀድለታል። ዋጋውን የሚያስወድደው ይህ ነው። ጣዕሙ ማር፣ የደረቀ አፕሪኮት፣ የብርቱካን ልጣጭና የበርሜል እንጨት ነው። ከዚያው አካባቢ የሆነው ባርሳክ ትንሽ ቀለል ይላል፤ የሶተርን ክብደት ለሚያስቸግረው ሰው እሱን እንመርጥለታለን።

ሞንባዚያክ በዶርዶኝ፣ ከቤርዠራክ ከተማ አጠገብ ነው። የወይኑ ዝርያ ተመሳሳይ፣ ሻጋታውም ያው ነው፤ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ከሶተርን ግማሽ አይሞላም። ልዩነቱ ከዋጡት በኋላ ይታወቃል፤ የሶተርን ጣዕም አፍ ውስጥ ይቆያል፣ የሞንባዚያክ ቶሎ ይጠፋል። ስምንት ሰው ለሚጋበዝበት ገበታ ግን እኛ ሞንባዚያክ እንገዛለን።

ዡራንሶን ሌላ ዓለም ነው። በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ፣ በፖ ከተማ አቅራቢያ የሚበቅለው ፔቲ ማንሳንግ ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ ሻጋታ ብዙም አይደፍረውም። እስከ ኅዳር፣ አንዳንዴም እስከ ታኅሣሥ፣ ተክሉ ላይ እንዳለ ከደቡብ የሚመጣው ሞቃት ነፋስ ያጨማድደዋል። ስኳሩ ሲጨምር አሲዱ አይወርድም፤ አናናስና ሎሚ የሚመስለው ጣዕሙ ጣፋጭ ሆኖም አያታክትም። ሲገዙ ግን መለያው ላይ «ዡራንሶን ሴክ» ከተባለ ደረቅ ነው፤ ጣፋጩ «ዡራንሶን» ብቻ ይባላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሙስካ ደ ቦም ደ ቬኒዝ ከሮን ሸለቆ ነው። ጭማቂው እየፈላ ሳለ ንጹሕ አልኮል ይጨመርበትና እርሾው ይቆማል፤ በዚህ ምክንያት ያልፈላው የወይን ስኳር እንዳለ ይቀራል፣ አልኮሉም ወደ 15 በመቶ ይደርሳል። ትኩስ ወይን ፍሬ ይሸታል፤ ሲቆይ ይህ ሽታ ስለሚከስም በወጣትነቱ ይጠጣል።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ ከሁሉ የሚያስተማምነው ጥምረት ሶተርንና ሮክፎር አይብ ነው። የአይቡ ጨው የወይኑን ስኳር ይሰብራል፣ ስኳሩም የአይቡን ኃይል ያለዝባል። ለአንድ ሰው 30 ግራም አይብና 6 ሴንቲ ሊትር ወይን ይበቃል። የእኛ አይብ ጨው ስለሌለው ይህን ሥራ አይሠራም። ፎዋ ግራ፣ ማለትም የደለበ ዳክዬ ወይም ዝይ ጉበት፣ በተለምዶ ከሶተርን ጋር በምግብ መጀመሪያ ይቀርባል፤ ከእሱ በኋላ የሚቀዳ ደረቅ ወይን ግን ኮምጣጣ ይሆንብዎታል፣ ስለዚህ በመሃል ውሃና ዳቦ ያቅርቡ። ዡራንሶን ለበግ ወተት አይብ፣ በተለይ ለዚያው አካባቢ ኦሶ ኢራቲ፣ ለሎሚ ታርትና ለሚያቃጥል ምግብ ይሆናል። በርበሬ ለበዛበት ዶሮ ወጥም ከአራቱ እሱን እንመርጣለን። ሙስካን ለሚያቃጥል ምግብ አያቅርቡ፤ አልኮሉ ማቃጠሉን ያብሳል። እሱን ለሜሎን፣ ለእንጆሪና ለለውዝ ብስኩት ይተዉት።

ጣፋጭ ምግብ ከወይኑ የበለጠ ስኳር ካለው ወይኑ ውሃ ውሃ ይላል፤ ክሬም የተቀባ ኬክ ጥሩ ሶተርን የሚያበላሸው በዚህ ነው። ለቸኮሌት ደግሞ አራቱም አይሆኑም፤ ባንዩልስ ወይም ሞሪ የተባለውን ጣፋጭ ቀይ ወይን ይፈልጉ።

ሙቀቱ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ይሁን። ከፍሪጅ አውጥቶ 15 ደቂቃ ማቆየት ይበቃል፤ ከ13 ዲግሪ ካለፈ ወይኑ ይከብዳል። ለአምስት ስድስት ሰው ግማሽ ጠርሙስ፣ ማለትም 37.5 ሴንቲ ሊትር፣ ይበቃል። የተከፈተ ሶተርን ቡሹ ተመልሶ ፍሪጅ ውስጥ ቀጥ ብሎ ከቆመ አንድ ሳምንት ይቆያል፣ ሙስካ ከዚያም ይበልጣል። ጠርሙሱ ታች የሚታየው ብርጭቆ መሳይ ስብርባሪ የወይኑ የራሱ አሲድ የፈጠረው ክሪስታል ነውና አይመልሱት። ገና በወጣትነቱ ቡናማ የሆነ፣ ኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አጥብቆ የሚሸት ከሆነ ግን ደረሰኙን ይዘው ይመልሱት።