የአባቴን ኮሮላ መሪ ለመለሱልኝ መካኒክ

ይህን የምጽፈው ሳሪስ አካባቢ ለሚሠሩ አንድ መካኒክ ምስጋናዬን ለማድረስ ነው። አሮጌ መኪና ይዛችሁ መሪው የከበዳችሁም ካላችሁ እሳቸውን ልጠቁማችሁ እፈልጋለሁ።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1998 ኮሮላ ናት፤ ከአባቴ የወረስኳት። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችን የያዝነውን እየጠገንን መንዳት ግድ ሆኖብናል። እኔ ግን ባይከለከልም አልሸጣትም ነበር። እናቴን ለሕክምና ክትትል የማመላልሰው በእሷ ነው፤ እናቴም ከሌላ መኪና ይልቅ እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ነው ደስ የሚላት።

ችግሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። ጠዋት በብርዱ ሞተር ሳስነሳ ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር ያቃስታል። መሪ ሳዞር ደግሞ ድምፁ ይብሳል። መንገድ ላይ ስትሄድ ደህና ናት፤ ለማቆም ወይም ለመዞር ስል ግን መሪው ድንጋይ ይሆንብኛል። አንድ ቀን ግቢ ላስገባት ስዞር ክንዴ ዝሎ የበሩን ቋሚ ልትገጭ ስንዝር ሲቀራት ነው ያቆምኳት። እናቴ አጠገቤ ነበረች። ያን ቀን ሌሊቱን አልተኛሁም።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳያዩ «የመሪ ሳጥኑ አልቋል፣ 48 ሺህ ብር አዘጋጂ» አሉኝ። ሁለተኛው ጋራዥ «የመሪ ዘይቱን አያፈስም፤ ስለዚህ መሪውን በዘይት ግፊት የሚያቀለው ፓምፕ ነው የሞተው» አለኝ። ሁለቱም የመሪ ዘይቱን ክዳን አልከፈቱም። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያኔማ መከፈት እንዳለበት የት አውቄ!

ወደ እኚህ አባት የመራችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ጋሼ መኪናዋን ከመንካታቸው በፊት ጥያቄ ጀመሩ። «የሚከብድሽ ወደ ሁለቱም ጎን ነው ወይስ ወደ አንዱ? ነዳጅ ሳትሰጪ ሚኒሞ ላይ ነው ወይስ ስትሰጪም? ጠዋት ብቻ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ?» ወደ አንድ ጎን ብቻ ቢከብድ ኖሮ ጥርጣሬያቸው የመሪ ሳጥኑ ላይ ይሆን እንደነበር ነገሩኝ። የእኔ ግን በሁለቱም በኩል ነበር፤ ነዳጅ ስሰጥ ደግሞ ይቀለኛል። ቀጥለው «የፍሬን ዘይት ጨምረሽበታል?» አሉኝ። የለም አልኩ። «ተመስገን!» አሉ ከልባቸው። የፍሬን ዘይት በመሪው ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች አሳብጦ ያበላሻቸዋል፤ ሰው ዘይት ሁሉ አንድ ነው ብሎ ይጨምራል አሉ።

ከዚያ ከቀላሉ ጀመሩ። የፊት ጎማዎቹን ነፋስ ለኩ፤ ሁለቱም ጎድሎባቸዋል። ረዳታቸውን ጎሚስታ ላኩት፤ ተነፍቶ ሲመለስ ትንሽ ቀለለኝ፣ ማቃሰቱ ግን እንዳለ ነው። ፓምፑን የሚያዞረውን ቤልት በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፣ ገልብጠው ፊቱን አዩት። ደህና ነው። የፊቱን በክሪክ አነሱና ሞተሩ እንደጠፋ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ በእጃቸው አዞሩት። የትም ቦታ አይዝም፣ አይነክስም። «አየሽ? ሳጥኑና ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኙት ቴስቲናዎች ደህና ናቸው። 48 ሺህሽን ኪስሽ ውስጥ አኑሪው» አሉኝ።

አሁንም ዓይኔ ላይ ያለው ቀጥሎ ያደረጉት ነው። ሞተሩን አስነስተው የዘይቱን ክዳን ከፈቱና «ነይ ልጄ፣ እዪ» አሉኝ። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት የማኪያቶ አረፋ መስሏል። ሞተሩን ሲያጠፉት ዓይኔ እያየ ዘይቱ ከፍ አለ። ሞተር ሲጠፋ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከወጣ ውስጡ አየር አለ ማለት ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ታምቆ የነበረው አየር ሞተሩ ሲጠፋ ይሰፋና ዘይቱን ወደ ላይ ይገፋዋል አሉኝ። ፓምፑ ያቃሰተው በዘይት ፈንታ አረፋ እየዋጠ ስለሆነ ነው። አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል እንጂ አይገፋም፤ መሪው ኃይል ያጣው በዚህ ነው።

አየሩ ከየት ገባ? ከዘይት ማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚወርደውን አጭር ቱቦ በጣታቸው ጨመቁት። በዕድሜ ብዛት እንደ እንጨት ደርቋል፤ ማሰሪያው ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለችበት። በዚያ ቱቦ ፓምፑ የሚስበው ስለሆነ ሞተሩ ሲሠራ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ዘይት ወደ ውጭ አይንጠባጠብም። ሁለተኛው ጋራዥ «አያፈስም» ያለኝ ለዚህ ነበር።

ቱቦውን ቆርጠው በእጄ ሰጡኝና «ሶማሌ ተራ መለዋወጫ መሸጫ ሂጂ፣ ለዘይት የሚሆን በይ» አሉኝ። የመጀመሪያው ሻጭ የሰጠኝ የውሃ ቱቦ ኖሮ ይዤ ስመለስ ሳይቆጡ መልሰው ላኩኝ፤ የውሃ ጎማ የመሪ ዘይት ሲነካው ይለሰልስና ይበሰብሳል። አዲሱን ገጥመው አሮጌውን ዘይት አስወጥተው ዴክስሮን የሚባለውን የመሪ ዘይት ሞሉ። ጎማዎቹ ከመሬት እንደተነሱ፣ ሞተሩ እንደጠፋ፣ ረዳታቸው መሪውን ሃያ ጊዜ ያህል ከጥግ እስከ ጥግ ሲያዞር እሳቸው አረፋ እያዩ ይጨምራሉ። አረፋው ሲጠፋ ብቻ ነው ሞተር ያስነሱት። ጥግ ላይ አጥብቄ እንዳልይዘው፣ ብይዝ እንኳ ከጥቂት ሰከንድ እንዳላልፍ አስጠነቀቁኝ፤ ፓምፑን ያግለዋል።

ቱቦ፣ ማሰሪያ፣ 2 ሊትር ዘይትና የእጅ ዋጋ ተደምሮ 4,600 ብር ከፈልኩ። የወጣውንም ቱቦ ሰጡኝ። ፓምፑን ደግሞ ጨርሶ ድኗል አላሉኝም። «አረፋ ሲውጥ ስለቆየ ትንሽ ተጎድቷል። ለጊዜው ይሠራል፤ ካቃሰተ ተመለሺ» አሉ። በሦስተኛው ቀን ትንሽ ድምፅ ሰማሁና ተመለስኩ። የቀረ አየር ነበር፤ እንደገና አስወጡልኝ። ብር ላወጣ ስል እጄን ያዙኝ። ከዚያ ወዲህ እናቴን ስድስት ጊዜ ወስጄ መልሻታለሁ፤ መሪውን በአንድ እጄ አዞረዋለሁ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። የአባቴን መኪና ብቻ አይደለም የጠገኑልኝ፤ ስነዳ የነበረብኝንም ፍርሃት ነው ያነሱልኝ።

ስልካቸውን አደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ አይሠሩም። ስትሄዱ መኪናዋ ካደረች በኋላ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ በጠዋት ውሰዱላቸው፤ ድምፁን በብርዱ መስማት ይፈልጋሉ።